አሥር ዓመት ምንም ያላደረገኝ ሲሚንቶ ዛሬ ለምን በላኝ?

ግንበኛ ዘመድ ያለው ሰው «እጄን ሲሚንቶ በላው» ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ፀጉር ቤት የምትሠራዋ «ቀለሙ አልተስማማኝም» ትላለች። ቤት የምታጸዳዋ ደግሞ ጥፋቱን በረኪናው ላይ ትጥላለች። ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ግን የሁሉም አንድ ነው፦ «ኧረ እኔ ስንት ዓመት ስነካው ምንም ሆኜ አላውቅም!»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አለርጂ ሲባል ገና በመጀመሪያው ቀን የሚታወቅ ነገር ይመስለናል። ኦቾሎኒ በላ፣ ፊቱ አበጠ፣ አለቀ። ሥራ ቦታ የሚይዘው የቆዳ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ዓመታት ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ይነሳል፤ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። «ለምጄዋለሁ» ማለት እዚህ ቦታ ዋጋ የለውም። እንዲያውም አለርጂው የሚመጣው በየቀኑ በመንካት ነው።

እጅ በሥራ ሲቆስል ሁሉ አለርጂ ነው እንዴ?

አይደለም። እንዲያውም የሚበዛው አለርጂ አይደለም።

በሥራ ምክንያት እጃቸው ከሚቆስል ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ የሚጎዱት ቆዳቸው በቀጥታ ስለተበላ ነው። ሳሙና፣ በረኪና፣ ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ሌላው ቀርቶ ንጹህ ውሃ ራሱ የቆዳውን ቅባት እያነሳ ይወስደዋል። ቅባቱ ሲሄድ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥላል። መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ በጣቶች መካከልና ቀለበት ስር ነው፤ ሳሙና ተደብቆ የሚቀረው እዚያ ነውና።

ውሃ ይጎዳል ሲባል የሚስቅ ሰው አለ። የጀርመን የሥራ ደህንነት መመሪያ ግን በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ እጁ ውሃ ውስጥ የሚቆይን ሰው ወይም እጁን ደጋግሞ የሚታጠበውን ሁሉ ለቆዳ አደገኛ የሆነ «እርጥብ ሥራ» እየሠራ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። በዚህ ስሌት ከሄድን የስንቱ ቤት ሠራተኛ፣ የስንቱ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ፣ የስንቷ ነርስ እጅ እዚያ ውስጥ እንደሚገባ አስቡት።

ይኼኛው ጉዳት አድልዎ አያውቅም። በቂ ሳሙና በቂ ሰዓት ከነካው የማንም ቆዳ ይበላል። እረፍት ሲያገኝ ደግሞ ይሻለዋል። አለርጂው ግን አንዱን ይዞ አጠገቡ ያለውን ይተዋል፤ የያዘውንም በጣም ትንሽ መጠን ይበቃዋል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የተሰነጠቀ ቆዳ አለርጂ የሚያመጣውን ነገር በቀላሉ ስለሚያስገባ፣ በሳሙና የተጀመረው ነገር በአለርጂ ሊያልቅ ይችላል።

ታዲያ አለርጂው እንዴት ይጀምራል?

ጤነኛ ቆዳ አብዛኛውን ነገር አያሳልፍም። የሚያልፉት በጣም ትንንሾቹ ናቸው፦ ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ የፀጉር ቀለም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች። እነዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ ሰውነት ልብ አይላቸውም። ችግሩ ገብተው ከራሳችን ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ ነው፤ ያኔ የገዛ ፕሮቲናችን መልኩ ይለወጣል። ቆዳ ውስጥ የሚዘዋወሩ ላንገርሃንስ የሚባሉ ሴሎች ይህን እንግዳ መልክ ያነሱና ብብትና አንገት አካባቢ ወዳሉት ሊምፍ ዕጢዎች ይወስዱታል። ጉሮሯችንን ሲያመን የሚያብጡት ንፍፊቶች ማለት ናቸው። እዚያ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ነገሩን አይተው ይመዘግቡታል። ይህ ምዝገባ ከ10 እስከ 14 ቀን አካባቢ ይወስዳል። ሰውዬው ግን ምንም አይሰማውም።

አንድ ግቢ ውስጥ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ ሰው አለ እንበል። ዘበኛው ለዓመታት «እንደምን አደርክ» ሲለው ኖሮ አንድ ቀን ሌባ ነው ብሎ አመነ። ሰውዬው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የዘበኛው ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በሩ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ዘበኛው ጩኸቱን ያቀልጠዋል፣ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል፤ በግርግሩ የሚሰባበረው ደግሞ የግቢው የራሱ ዕቃ ነው። ቆዳችን ላይ የምናየው እብጠት፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታና ማሳከክ ያ ግርግር ነው። ሲሚንቶው ወይም ቀለሙ ቆዳውን ስለበላው አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችን ነው የሚያምሰን።

ዘበኛው መቼ ሐሳቡን እንደሚለውጥ በእርግጠኝነት አይታወቅም። አንዱ በወራት ውስጥ ይያዛል፣ ሌላው 20 ዓመት ሠርቶ ጡረታ ይወጣል። የነካው መጠን፣ የነካበት ጊዜ ርዝመት፣ የቆዳው መሰነጣጠቅና የተፈጥሮ ዕድል ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ሌላው ሰውን የሚያሳስተው ነገር ጊዜው ነው። ይህ አለርጂ ዘገምተኛ ነው። ሰኞ የነካችሁት ነገር ማክሰኞ ማታ ወይም ረቡዕ፣ አንዳንዴም ሐሙስ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰው ረቡዕ የበላውን ዓሣ ይጠረጥራል፣ የለበሰውን ሹራብ ይጠረጥራል፣ ሰኞን ማንም አያስታውሳትም።

ሲሚንቶ ውስጥ ምን አለ?

ሲሚንቶ ሁለቱንም ጉዳት በአንድ ከረጢት ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቃጠሎ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ጠንካራ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ሆኖ እንደ አሲድ የሚያቃጥል ነገር፣ ይሆናል፤ ፒኤች የሚባለው መለኪያው ከ12 እስከ 13 ይደርሳል። እርጥብ አርማታ ላይ ተንበርክኮ ወለል የሚያስተካክል ሰው ጉልበቱ ላይ ጥልቅ ቃጠሎ ሊደርስበት ይችላል፣ የከፋው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሥራውን ይቀጥላል። አርማታ ቦት ጫማው ውስጥ ገብቶበት «ስጨርስ እታጠበዋለሁ» ያለ ሰውም እንደዚያው።

ሁለተኛው አለርጂው ነው፣ ጥፋተኛውም ክሮሚየም የሚባለው ብረት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይና አፈር ውስጥ በጥቂቱ በተፈጥሮ አለ። ምድጃው ውስጥ ሙቀቱ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የክሮሚየሙ የተወሰነ ክፍል «ክሮሚየም ስድስት» ወደሚባለው ዓይነት ይለወጣል። ይህ ዓይነቱ በውሃ ይሟሟል፣ ቆዳንም ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ነው ከደረቁ ዱቄት ይልቅ የተቦካው የሚያስፈራው። ደረቁም ቢሆን ላብ ካገኘው ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ይህ ችግር መፍትሔ አለው፤ ርካሽም ነው። ሲሚንቶው ውስጥ ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጨው ትንሽ ሲጨመር ክሮሚየም ስድስቱ ወደ «ክሮሚየም ሦስት» ይወርዳል፣ እሱ ደግሞ በደንብ ስለማይሟሟ ቆዳ ውስጥ የመግባት አቅሙ ደካማ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን በሕግ አስገደደች፣ ከዚያ በኋላ በግንባታ ሠራተኞች ላይ የሚታየው የክሮሚየም አለርጂ ቀነሰ። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ2 ክፍል በላይ የሚሟሟ ክሮሚየም ስድስት ያለበት ሲሚንቶ ለእጅ ሥራ እንዳይሸጥ ከለከለ። በእኛ በለመድነው ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስናሰላው ከ0.1 ግራም የማይበልጥ ማለት ነው። የብረት ጨው ግን ዕድሜ አለው። ሲሚንቶው ብዙ ከተቀመጠ ወይም እርጥበት ካገኘው ኃይሉ ይደክማል። ለዚህ ነው እዚያ ከረጢቱ ላይ እስከ መቼ እንደሚሠራ እንዲጻፍ የሚገደደው።

አንድ ጊዜ ለክሮሚየም አለርጂክ የሆነ ግንበኛ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። እጁን ለመከላከል ብሎ ያደረገው የቆዳ ጓንት፣ እግሩ ላይ ያለው የቆዳ ጫማ፣ በተለይ ካላበው፣ ያንኑ አለርጂ ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። ሥራ አቁሞ ቤቱ ተቀምጦ እግሩ ለምን እንደሚያሳክከው ግራ ይገባዋል።

ሳይቶች ላይ የማየው አንድ ልማድ ደግሞ አለ፣ ሳላነሳው ማለፍ አልፈልግም። መሣሪያ የታጠበበት ያ ግራጫ ውሃ ባልዲው ውስጥ ይቀመጣል፣ ምሳ ሲደርስ ሁሉም እጁን እሱ ውስጥ ይለቀልቃል። ይህ መታጠብ አይደለም፣ እጅን እንደገና ሲሚንቶ ውስጥ መንከር ነው። ለእጅ የሚሆን የተለየ ንጹህ ውሃ አንድ ጀሪካን እንኳ ብትሆን ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

የፀጉር ቀለምስ?

ጥቁርና ቡናማ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የሚባል ኬሚካል በብዛት አለ፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ሌላ ነገር ስለሚለወጥ ጉዳቱ ይቀንሳል። የሚያስፈራው ገና እየሠራ ሳለ ነው።

ደንበኛዋ ላይ ሲነሳ የፀጉሯ ዳር፣ ጆሮዋና አንገቷ ያብጣል፣ የዓይኗ ቆብ ደግሞ ዓይኗን እስኪዘጋ ድረስ ሊያብጥ ይችላል። ሠራተኛዋ ላይ ግን የሚነሳው ጣቶቿ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የምትነካው በእጇ ነው። ደንበኛዋ በወር አንዴ ትነካዋለች፣ እሷ በቀን አምስቴ።

አውሮፓ ውስጥ ለፀጉር ሠራተኞች የሚሰጥ አንድ ቀላል ምክር አለ፦ መጀመሪያ ቁረጪ፣ ከዚያ ቀለም ቀቢ። አሁን የተቀባ ፀጉር በባዶ እጅ ይዞ መቁረጥ ቀለሙን ጣት ላይ ማሸት ነው። ምንም ወጪ የለውም፣ ቅደም ተከተል መቀየር ብቻ። ጓንት አንድ ጊዜ ከተደረገ ይጣላል። ገልብጦ እንደገና ማድረግ ቀለሙን ወደ ውስጥ አዙሮ ቆዳ ላይ ማሸግ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነሳው ጥቁር ሂና ነው። ሠርግ ላይ የሚቀባው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድብን ያለ ጥቁር የሚሆነው። ተፈጥሯዊ ሂና እንደዚያ አይጠቁርም፤ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። ጥቁሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ያው ፒፒዲ ነው፣ ለፀጉር ከሚፈቀደው በላይ በሆነ መጠንም ሊሆን ይችላል። በ15 ዓመቷ እጇ ላይ የተቀባችው ሂና ሰውነቷን ካስመዘገበባት፣ በ25 ዓመቷ ፀጉር ቤት ስትቀጠር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ልትያዝ ትችላለች።

ጥፍር ቤቶችም ከዚሁ አይርቁም። ጄልና አርቴፊሻል ጥፍር የሚሠራባቸው አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች ገና ሳይደርቁ ቆዳ ከነኩ ጠንካራ አለርጂ ያመጣሉ። ስሱን ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ አልፈው ይገባሉ።

ጓንት እያደረግኩ ለምን አልተወኝም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከአንድ በላይ ነው።

አንዳንዴ ጓንቱ ለሥራው አይሆንም። ለሲሚንቶ አልካሊ የሚችል፣ ረዘም ያለ፣ ክንድ የሚሸፍን የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ወይም የላስቲክ ጓንት ነው የሚፈለገው። የጨርቅ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ሲሚንቶውን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ቆዳ ላይ ይዞት ይውላል። ጥሩ ጓንትም ቢሆን ውስጡ ከቆሸሸ ያው ነው። ከማውለቃችሁ በፊት ውጭውን እጠቡ፣ ስታደርጉም በንጹህ እጅ አድርጉ።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ጓንቱ ራሱ ነው። ላስቲክ ቶሎ እንዲጠነክር ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ከላቴክስ (ከዛፍ ከሚገኘው የተፈጥሮ ላስቲክ) ጓንት ብቻ ሳይሆን ከናይትራይሉም አይጠፉም። ለነሱ አለርጂክ የሆነ ሰው ሽፍታው እጁ ላይ ተነስቶ የእጅ አንጓው ላይ፣ ልክ ጓንቱ ያለቀበት ቦታ፣ በመስመር ይቆማል። ይህን መስመር ካያችሁ ጓንቱን ጠርጥሩ።

የላቴክስ አለርጂ የሚባለው ግን ሌላ ነው፣ ከላይ ካወራነው ጋር አታምታቱት። እሱ ሁለት ቀን አይጠብቅም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚመጣው፦ ማሳከክ፣ እንደ ሳማ ቃጠሎ ያለ እብጠት፣ ማስነጠስ፣ ሲብስም የትንፋሽ ማጠር። ሙዝና አቮካዶ ሲበላ አፉን የሚያሳክከው የላቴክስ አለርጂክም አለ፤ ፕሮቲናቸው ከላቴክሱ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ድሮ የሐኪም ጓንት ውስጥ የሚነሰነሰው ዱቄት ይህን ፕሮቲን አየር ላይ ይበትነው ስለነበር አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ባለ ዱቄት የሕክምና ጓንትን ከገበያ አስወጣች። ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ ጊዜ ሳይፈጅ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ወጥ ቤትና ጽዳት ላይስ?

ነጭ ሽንኩርትን ማን ይጠረጥራል? እሱም ግን አለርጂ ያመጣል፣ ሲይዝ ደግሞ አሻራውን ትቶ ነው። ቢላው በቀኝ እጅ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በግራ እጅ ስለሚያዝ የሚሰነጠቁት የግራ እጅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ጫፎች ናቸው። ግራኝ ከሆነች ደግሞ በተቃራኒው። ሐኪሙ ይህን ካየ ግማሽ መልሱን አገኘ ማለት ነው። ደጋሽ ቤት ኪሎ ሙሉ የሚልጡ ሴቶች እጃቸው ሲሰነጠቅ «የበርበሬው ነው» ብለው ያልፉታል።

ዓረብ አገር፣ ቤይሩት ወይም አሜሪካ ቤት የሚያጸዱ እህቶች ብዙዎች ናቸው፣ የእጅ ችግራቸውም ብዙ ጊዜ ከበረኪና ጋር ይያያዛል። በረኪና አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን በቀጥታ ይበላል እንጂ አለርጂ አያመጣም። አለርጂው የሚመጣው ይልቁንስ ፈሳሽ ሳሙና፣ እርጥብ መጥረጊያ ሶፍትና የግድግዳ ቀለም ውስጥ ከሚገባው እንዳይበላሽ መከላከያ ኬሚካል ነው። ሜቲል አይሶትያዞሊኖን የሚባለው በተለይ በአውሮፓ ብዙ ሰው ስላስያዘ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆዳ ላይ ተቀብተው ከሚቀሩ ቅባቶች ውስጥ እንዳይገባ ታግዷል። ታጥበው ከሚሄዱ ነገሮች ግን አልጠፋም። ቀለም ቀቢ ላይ ሲሆን ደግሞ ከአየር ላይ ብቻ ፊት ላይ ሊወጣ ይችላል። እግረ መንገዴን ልበልና፣ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ፎቶው ላይ ቀይ ነው፤ የእኔ ግን ቀይ አይደለም

ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በዚያ መልክ አይታይም። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል፤ ሲዳሰስ ወፈር፣ ሻከር፣ ሞቅ ይላል። አንዳንዴ እንደ ሽፍታ ሳይሆን እንደ ተከመሩ ትንንሽ ፍሬዎች ነው የሚሆነው። ከዳነ በኋላም ጥቁር ጠባሳ ለወራት ይቆያል፣ ሰው ግን ገና እንዳልዳነ ያስበዋል። ጠባሳው የማያሳክክና የማይዳሰስ ከሆነ ሽፍታው አልፏል ማለት ነው።

ይተላለፋል ወይ?

በጭራሽ። በመጨባበጥም፣ በፎጣም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። እከክና ጭርት ይተላለፋሉ፤ እነሱን ስለሚመስል ነው ሰው የሚሸሸው። «እጇን አይቼ አባረርኳት» የምትል አሠሪ ካለች ያባረረቻት በራሷ ሳሙና ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ትወቅ።

ምን እንደያዘኝ በምን አውቃለሁ?

ለዚህ የሚሆነው ምርመራ የደም ምርመራ አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን እዚያ ላይ ያጠፋል። ትክክለኛው ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ምርመራ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ዮሴፍ ያዳሶን የሚባል ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ነው።

ትንንሽ ክብ ሳህኖች ላይ በጣም ጥቂት ጥቂት ኬሚካል ይደረግና ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፦ አንዱ ኒኬል፣ አንዱ ክሮሚየም፣ አንዱ ፒፒዲ፣ እያለ 30 አካባቢ ይደርሳል። 48 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ጀርባን መታጠብ፣ ላብ የሚያስወጣ ሥራ መሥራት አይቻልም። ከዚያ ይነሳና ይነበባል፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይነበባል፣ አንዳንዴም በሳምንቱ። ይህ ሁሉ ምልልስ የሆነው ቅድም ባልነው ምክንያት ነው፤ አለርጂው ዘገምተኛ ነው። ጀርባ ላይ ስቴሮይድ (እብጠትና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባት ከተቀባ ወይም የስቴሮይድ ኪኒን እየተዋጠ ከሆነ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ነው።

ምርመራውን የሚሠራ ቆዳ ሐኪም የሚገኝበትን ጠይቁ። አዲስ አበባ ያለው አለርትና ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች በቆዳ ሕክምና ስማቸው የታወቁ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ አለ። በየቀኑ ምን እንደነካችሁ ጻፉ። ሽፍታው ሲወጣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ አብሮ ይመዘገባል። የቀለሙን፣ የሳሙናውን፣ የሙጫውን ጀርባ ጽሑፍ አንሱት። ከሁሉ በላይ ዕረፍት ላይ ምን እንደሚሆን አስተውሉ፤ ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄዱ ድኖ በተመለሳችሁ ሳምንት የሚነሳ ከሆነ ሐኪሙ የሚፈልገው መረጃ እሱ ነው።

ቅባት ብቻ አይበቃም?

አይበቃም። ሐኪም የሚያዘው ስቴሮይድ ቅባት ግርግሩን ያበርዳል፣ ለዚያ ጥሩ ነው። የሚነካው ነገር ካልቆመ ግን ቅባቱ ሲያልቅ ሽፍታው ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ሰው ከፋርማሲ በራሱ እየገዛ ወራት ይቀባል፣ ቆዳውም ይሳሳል። ኒኦማይሲን ያለበት የቁስል ቅባት ራሱ አለርጂ ከሚያመጡት አንዱ ነው፤ ቁስሉ እየተቀባ ከባሰ እሱን ጠርጥሩ። ሎሚ መጭመቅ፣ በቤንዚን መታጠብ፣ አጥብቆ መፋቅ ሁሉም ያብሳሉ። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ከሥራ በኋላና ማታ ቢቀባ ከብዙ ውድ ሎሽን ይሻላል።

ሥራዬን ልተው?

እንደ ነገሩ ነው። ለጓንት ኬሚካል ከሆነ ሌላ ዓይነት ጓንት ይበቃል። ለፀጉር ቀለም ከሆነ ቀለሙን ባልደረባዋ ብትቀባ፣ እሷ ሹሩባና ካስክ ላይ ብትሆን መቀጠል ትችል ይሆናል። ክሮሚየም ግን ግትር ነው። ሥራ ቀይረውም ሽፍታው ዓመታት የሚከተላቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ ከቆየ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቶሎ መመርመር ከሁሉም የሚረክሰው ነው።

አገር ቤት ያላችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማወቅ ይጠቅማችኋል። አሠሪው የአደጋ መከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ በኬሚካል ምክንያት የሚመጣ በሽታም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ተብሎ ይቆጠራል። ለዚህ ማስረጃው የሐኪም ወረቀት ነው፣ ያውም «የቆዳ አለርጂ» ብሎ ብቻ ሳይሆን ለምን ነገር እንደሆነ ስሙን የጻፈ። የቤት ሠራተኞችን ግን ይህ አዋጅ አይሸፍናቸውም፤ ጓንቱና ሳሙናው እንዲቀየር የሚጠይቁት አሠሪያቸውን በቃል ነው።

ያቺን የኬሚካሉ ስም ያለባት ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። በአክሪሌት የተያዘች ጥፍር ሠሪ ጥርስ ልታስሞላ ስትሄድ ለሐኪሟ ታሳየዋለች፣ የጥርስ መሙያው ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነ። ክሮሚየም የያዘው ግንበኛም ጫማ ሲገዛ ያሳያታል።